የሙሽራዋ ወገብ በኩባንያ እጅ

ሰፈሩ "ሚሊሜትር" የሚለው ልብስ ሰፊ ስፌት ስቶ አያውቅም፤ ይህን ደግሞ ራሱ ነው በየሄደበት የሚያወራው። የዛሬ ጠዋት ግን ኮምፒውተሩ ፊት ላብ ላብ ብሎታል። ከነገ ወዲያ የምታገባው የመርከብ አብሳይ ልኳን ሰጥታው ባሕር ላይ ናት፤ ስልክ አይደርሳትም፤ የምትገባው በሠርጓ ጠዋት ነው። እሱም ልኩን ኮምፒውተሩ ላይ ባለው የስፌት ፕሮግራም ውስጥ ከከተተ በኋላ የጻፈበትን ወረቀት ቀዳዶ ጥሎታል። "ዘመናዊ ሰፊ ወረቀት አያቅፍም!" ብሎ።

ፕሮግራሙ ግን "ይህ እትም አብቅቷል፤ አዲሱን ይግዙ" አለው። ገዛ። አዲሱ ደግሞ የአሮጌውን ፋይል አልከፍትም አለ። ፕሮግራሙን ለሠራው ኩባንያ ደወለ።

"ሁለት ምርጫ አለዎት ጌታዬ" አለችው የኩባንያው ሠራተኛ፣ ማር በሆነ ድምፅ።

"እሰይ! ንገሪኛ።"

"ልኩን እንደገና መውሰድ፤ ወይም ልኩን እንደገና ወስደው ለዓመት መመዝገብ።"

"በሌላ ፕሮግራም ብከፍተውስ?"

"የእኛ ፋይል በእኛ ብቻ ነው የሚከፈተው። ለደኅንነትዎ ነው።"

"ከምን ልትጠብቁኝ? ከሙሽራዋ ወገብ?"

ሚስቱ ከስፌት መኪናዋ ቀና አለች። "ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ ፋይሉ የትም የሚከፈተውን ፕሮግራም ሲያሳይህ ምን ነበር ያልከው?"

"ሁሉም ሰው የያዘው ይሄን ነው አልኩ።"

"በል ሂድና ከሁሉም ሰው ጋር አልቅስ።"

የሙሽራዋ እናት ስትገባ ጉዱን ሰማች። ወገቧ ምን ያህላል ስትባል ሁለት እጇን አቀራርባ አሳየች።

"እትዬ፣ ይሄ እኮ የብርጭቆ ወገብ ነው" አለ ሚሊሜትር።

"ልጄ ቀጭን ናት!"

"አሥር ዓመቷ ላይ መሆን አለበት" አለች ሚስቱ በሹክሹክታ።

አማራጭ አልነበረውም። የሙሽራ ቀሚሱን ጀርባ ከላይ እስከ ታች ቀደደው፤ ግራና ቀኙን በስቶ የሚላላና የሚጠብቅ ጥብጣብ አሰረበት። ሲሰፋ እንባው ሊመጣ ምንም አልቀረውም። ሚሊሜትር፣ በግምት!

በሠርጉ ጠዋት ሙሽራዋ በበሩ ገባች፤ በሩም ጠበባት። የመርከቡ ወጥ ቤት በደንብ አብልቷት ነበር። ኮምፒውተሩ በደበቀው ልክ ተሰፍቶ ቢሆን ኖሮ ቀሚሱ ክንዷ ላይ ይቀር ነበር። ሚስቱ ጥብጣቡን ላላ፣ ጠበቅ፣ እንደገና ላላ አደረገችው፤ ልክክ አለ።

እናት ዞራ ዞራ አየችና ሚሊሜትርን በክርኗ ጎሸመችው።

"ለእኔም እንዲህ ያለ ስፋልኝ። ወገቤን ግን እዚያ ዕቃህ ውስጥ እንዳትቆልፍብኝ።"