የገቢሳ ምልክት

ባለቤቴ ተረፋ ያየውን ሁሉ ስም ካልሰጠ እንቅልፍ አይወስደውም። ወፍ ቢያይ፣ ድንጋይ ቢያይ፣ በሰው ቀሚስ ላይ የተጠለፈ አበባ ቢያይ «ይህ እንዲህ ይባላል» ይላል። ነቀምት ውስጥ ሊቅ ያሰኘውም ይኸው ነው። እኔ ግን ይህ አመሉ እናቴን ምን እንዳሳጣት ስለማውቅ፣ ገና ሲጀምር ጥርሴን እነክሳለሁ።

እናቴ ድርቤ በጥቁር ክር አንገቷ ላይ ያሰረቻት አንዲት ብር ነበረቻት። ጠገራ ብር አይደለችም፤ ከጠገራ ታንሳለች፣ ትወፍራለች፣ ዳሯም ወጣ ገባ ነው። በአንድ ፊቷ ክንፏን የዘረጋች ንብ አለች። በሌላው ፊቷ ተንበርክኮ ወደ ኋላው የሚያይ ቀንዳም እንስሳና አንድ ዛፍ አለ። እንስሳውን እኛ ድኩላ ነው እንል ነበር፣ ጎረቤቶቻችን ፍየል ነው ይሉ ነበር። ዛፉ ዘንባባ ለመሆኑ የተጠራጠረ አልነበረም። ስለ ንቧ ግን ከእናቴ ጋር የሚከራከር የለም፤ የንብ ሰው ልጅ ናታ።

አያቴ ገቢሳ ወደ ዴዴሳ ቆላ ወርዶ ቀፎ ይሰቅል ነበር። በእኛ አገር ቀፎ የሚሰቅል ሰው በቀፎው አፍ ላይ የራሱን ምልክት በጋለ ብረት ይተኩሳል። ዛፉ የማንም ይሁን የማን፣ ምልክቱን ያየ ሌላ ሰው ማሩን አይነካም። የገቢሳ ምልክት መሐሏን አንድ መስመር የሰነጠቃት ክብ ነበረች። አንድ ቀን ማር ሊቆርጥ ወጥቶ ከዛፍ ወደቀና ሞተ፤ የቀበሩትም እዚያው ቆላ ነው። ሰም ከእሱ ይገዛ የነበረ ሙሴ ኒቆላ የሚባል ግሪክ ለቅሶ ሊደርስ መጣ። ከሰዓቱ ሰንሰለት ላይ ይህችን ብር ፈታና ለትንሿ ድርቤ ሰጣት። ቋንቋችንን አያውቅም፤ ንቧን በጣቱ እየነካ «አባ፣ አባ» አላት።

ልጅቱ ብሩን ገልበጥ መለስ አድርጋ ስታይ ከንቧ ክንፍ አጠገብ ያችኑ የተሰነጠቀች ክብ አገኘች። ሰውዬው ለአባቷ መታሰቢያ ብሎ ያሠራው መሰላት። ማንስ ቢሆን ሌላ ምን ይመስለዋል? ከዚያ ወዲያ የአባቷ መቃብርም ሐውልትም ያች ብር ሆነች። ጠዋት ስትነሣ ትስማታለች። ጣሊያን ቤት ለቤት ሲበረብር ጨው ውስጥ ቀብራ አትርፋታለች። በሠርጌ ቀን ከአንገቷ አውልቃ አንገቴ ላይ ልታስራት ቃል ገብታልኝ ነበር።

ጣሊያን ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተረፋ ሊያገባኝ ጠየቀ። አዲስ አበባ ተምሮ፣ ቅዱስ መጽሐፉን በመጀመሪያው ቋንቋ ላንብብ ብሎ የግሪክ ፊደል ሳይቀር ቆጥሮ የመጣ አስተማሪ ነው። አባቱ ኦቦ ጨመዳ ደግሞ የወንጌል አማኞች ሽማግሌ ናቸው፤ ከአማኞች አንገት ክታብና ጨሌ ሲበጥሱ የኖሩ፣ የገዛ እናታቸውንም ጨሌ በእጃቸው የበጠሱ። የሠርጉን ቀን ሊቆርጡ ሽማግሎቻቸውን ይዘው ቤታችን መጡ።

«አካም ቡልቴ፣ አዴ ድርቤ» አሉና ገና ሳይቀመጡ ዓይናቸው አንገቷ ላይ አረፈ። «አንገትሽ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«ከኒሳ ናት፣ ኦቦ» አለች እናቴ። «ንብ ናት። የአባቴ ናት።»

ተረፋ እስኪ ልየው ብሎ ተቀበላትና ወደ መስኮቱ ይዟት ሄደ። ፊቱ በራ። «ይህ ድኩላ አይደለም፤ በእኛ አገር የሌለ አጋዘን ነው። ዘንባባውስ ልክ ናችሁ። ንቧ የከተማ ምልክት ናት። እዚህና እዚህ ያሉት ደግሞ የግሪክ ፊደላት ናቸው፤ የኤፌሶን ማለት ነው። ይህች ብር ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ይሆናታል።»

«የትኛዋ ናት ፊደል?» አለች እናቴ።

«ይቺ ክቧ።»

«የሰው ምልክት አይደለችም?»

«አይደለችም፣ አዴ። ፊደል ናት» አለና ፈገግ አለ። አባቷን ከእጇ እየነጠቀ መሆኑን አላወቀም። እኔ አውቄ ነበር፤ የዚያን ጊዜ ጠላሁት።

ኦቦ ጨመዳ ግን ሌላ ነገር ነው የሰሙት። «ኤፌሶን አልክ? ሕዝቡ በጳውሎስ ላይ የተነሣባት? የጣዖት አንጥረኛ የከበረባት?» ሽማግሎቹ ተያዩ። «እንግዲህ ይህ ነገር ልጄ ቤት አይገባም። ይቅለጥ። ካልቀለጠ ሠርግ የለም።»

«ጳውሎስ እዚያ አገር ሲቀመጥ እንጀራውን በምን ገዛ?» አለች እናቴ። «በቅጠል ነው?»

ከሽማግሎቹ አንዱ ሳቁን በነጠላው ሸፈነ። ኦቦ ጨመዳ ግን አልሳቁም፣ አልተቆጡምም። «በገንዘብ ይገዛበታል እንጂ አይሳምም። አንቺ ጠዋት ጠዋት ትስሚዋለሽ አይደል?»

እናቴ መዋሸት አትችልም። «እስማታለሁ» አለች።

ተረፋን አየሁት። ያን ሁሉ ሲያውቅ የነበረ ሰው እግሩን ያያል። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእሱ ዝምታ ግን እዚያው ተቀምጠን ሳለን ነቀዘ። ከተጋባን በኋላ ነው፣ «በእኛም ሳንቲም ላይ አንበሳ አለ፤ አንበሳ እናመልካለን እንዴ? ንቧም እንደዚያው ናት» ያለኝ። ያን ቀን ለምን አልተናገርክም ብዬ ብጠይቀው «አባቴ ፊት?» አለኝ። ስም ለመጥራት አፍ ነበረው፤ ለመሟገት ግን ጠፋበት።

ሽማግሎቹ ሲሄዱ እናቴን ሠርጉ ይቅርብኝ አልኳት። ተቆጣችኝ። ሽማግሌ ተቀምጦበት የፈረሰ እጮኝነት የሴት ልጅን ስም ምን እንደሚያደርገው ከእኔ ይልቅ ታውቃለች። «ኢንተለ ኮ» አለችኝ፣ ልጄ ማለቷ ነው፣ «ንብ ቀፎዋ ሲታጠን ትወጣለች እንጂ አትሞትም።»

ብር ሠሪው አቶ ዓምደሚካኤል ከጎጃም የመጡ ሰው ናቸው። ታሪኩን ሲሰሙ ብሯን መልሰው መዳፏ ላይ አኖሩላት። «ኧረ ተይ ድርብዬ። ብር አቅልጬ አውቃለሁ፤ የሰው አባት ግን አቅልጬ አላውቅም።»

«ያቅልጧት» አለች። «የልጄን ቀለበት ይሥሩባት።»

እምቢ ብትል ደስ ባለኝ። ወናፉ አጠገብ ተቀምጣ እስከ መጨረሻው አየች። ንቧ ክንፏ ተሸበሸበና ከብሩ ጋር ፈሰሰች። ከዚያ እናቴ ወደ ብር ሠሪው ጆሮ ጠጋ ብላ አንድ ነገር ነገረቻቸው፤ በጣቷም አመዱ ላይ ጫረችላቸው።

በሠርጉ ቀን ኦቦ ጨመዳ ቀለበቱን አገላብጠው «አሁን ንጹሕ ሆነ» አሉ። እናቴ እስክትሞት ድረስ ጠዋት ስትነሣ እጇ ወደ አንገቷ ይሄድና ባዶውን ይመለስ ነበር። ያ እጅ እስከ ዛሬ አይረሳኝም።

ዘንድሮ ተረፋ ርእሰ መምህር ሆኗል። ባለፈው ሰሞን ከአዲስ አበባ የመጣ የትምህርት ሹም ቤታችን ተጋብዞ ነበር። ተረፋ እንደ ልማዱ ሥዕል ያለበት ትልቅ መጽሐፍ ገለጠለት፤ ንቧ እዚያ አለች፣ አጋዘኑም ዘንባባውም። «ልክ እንዲህ ያለች ብር በእጄ ይዤ ነበር» አለው። «በዓለም ላይ ያሉት ጥቂት ናቸው። ባለማወቅ አቀለጧት። ምን ታደርገዋለህ፣ የአገር ሰው!» አለና ራሱን ነቀነቀ።

ባለማወቅ። ቀለበቴን አወለቅኩና ገጹ ላይ አስቀመጥኩለት። «ውስጡን እየው» አልኩት። ስንት ዓመት ከጎኑ ስተኛ አንድ ቀን እንኳ ውስጡን አይቶት አያውቅም።

መነጽሩን አደረገና ወደ ብርሃን ያዘው። ፊቱ እንደዚያን ቀን በራ። «ይገርማል! የግሪክ ፊደል ናት» አለ ለእንግዳው።

«አይደለችም» አልኩ። «የገቢሳ ምልክት ናት።»

እንግዳው «ገቢሳ ማን ነው?» ብሎ ተረፋን ጠየቀው።

ተረፋ አፉን ከፈተ። ቀጥሎ ስሙን ከየት እንደሰማው ሊያስታውስ ፈልጎ ወደ እኔ ዞረ።