የጥማዱ ድንጋይ ስለት

ጣሊያን በወጣ በሦስተኛው ዓመት ካሣነሽ ከእስቴ ሦስት ቀን በእግሯ ተጉዛ ጣና ዳር ደረሰች። ጥላ ይዛለች። ጥላው የሷ አይደለም፤ የታቦቱ ነው። አምና በረዶ የጎረቤቶቿን ገብስ ሲያወድም የሷን ማሳ ዘሎ ቢያልፍ፣ ጣና ላይ ላለው የደሴት ገዳም «ጥላ በገዛ እጄ አስገባለሁ» ብላ ተስላ ነበር፤ በረዶውም ዘለላት። ስለቷን ሳታስገባ ብትዘራ ዘንድሮ እንደማይዘላት ታውቃለች። በረዶ እንዲህ ያለውን አይረሳም።

ሳትጠይቅ የመጣችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ደሴቱን ሴት አትረግጠውም።

ይህን የነገራት አበጀ የሚባል ታንኳ ቀዛፊ ነው። ጥላውን እኔ ላድርስልዎ አላት። በገዛ እጄ ብያለሁ አለችው። እንግዲያው ከደሴቱ ወዲህ ውኃው መሐል ካለው ድንጋይ አድርሰኝ አለች፤ ቀንበር የተሸከሙ ሁለት በሬዎች ከሚመስለው፣ አገሬው ጥማዱ ከሚለው። እሱንም እምቢ አለ። መነኮሳቱ ከተቀየሙት ታንኳ የሚሠራበትን ደንገል ከደሴቱ ዳር አያሳጭዱትም። ከዚያ ለቀልድ ያህል፣

«ከቻሉ ራስዎ ይቅዘፉ፣ እትዬ» አላት።

ካሣነሽ ቀልዱን እንደ ፈቃድ ቆጥራ ታንኳው ላይ ወጥታ ተቀመጠች።

«መዋኘት ይችላሉ?» አላት ከዳር ቆሞ።

«አልችልም። ታንኳህስ?»

ታንኳው መጀመሪያ አውድማ ላይ እንደሚያበራይ በሬ ባለበት ዞረ። ካሣነሽ ግን ወተት ስትንጥ የኖረች ሴት ናት። መቅዘፊያውን ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ እያለች ሐይቁን ትንጠው ጀመር። ከጣና ቅቤ አልወጣም፤ ታንኳው ግን ሄደ።

ጥማዱ ላይ ወጥታ ጥላውን ስትዘረጋ፣ ከደሴቱ አባ ገብረ መድኅን የሚባሉ መነኩሴ በሌላ ታንኳ እየተጣደፉ መጡ።

«አንቺ ሴት፣ ውረጂ። ይህ ድንጋይ የገዳሙ ነው።»

ካሣነሽ እርግጠኛ እንደሆኑ ጠየቀቻቸው። ከጥንት ጀምሮ የገዳሙ እንደሆነ፣ ወሰኑም በብራና እንደተጻፈ ነገሯት።

«እንግዲያው ስለቴ ገዳም ገባ» አለችና ጥላውን በሁለቱ በሬዎች መሐል ካለው ስንጥቅ ውስጥ ሰካችው።

አባ የገዳሙ አይደለም እንዳይሉ ብራናው አለ። ነው እንዳይሉ ሴት ቆማበታለች። በመጨረሻ ጫማዋን አውልቃ እንደሆነ ጠየቋት። ጫማ ኖሯት እንደማያውቅ ነገረቻቸው። ይህ ትንሽ ያጽናናቸው መሰለ። ጥላውን ነቅለው፣ አጥፈው፣ ታንኳቸው ላይ አስቀመጡት።

«በይ አሁን ውረጂ።»

«መስቀል ሳልሳለም?»

ከታንኳቸው ሆነው ዘረጉላት። የገዳሙን መስቀል በገዳሙ መሬት ላይ ቆማ ተሳለመች፤ ከዚያ በራሷ ጊዜ ወረደች።