አራት ጎማ ለአንድ ሰው

ሰውዬው የባሕር ከፍታ ለኪ ነው። በየሳምንቱ ማክሰኞ የመሥሪያ ቤቱን መኪና ይዞ ወደ ጠረፉ ይወርዳል፤ አሸዋው ላይ ሰባት ኪሎ ሜትር ነድቶ፣ ውሃው ውስጥ የተተከለውን ምልክት አንብቦ ይመለሳል። አሸዋው ከመጀመሩ በፊት የአራቱም ጎማዎች ንፋስ በግማሽ መቀነስ አለበት፤ ጎማው እንደ ሞላ የገባ መኪና እስከ ሆዱ ይሰምጣል።

ይህን ሥራ አሥራ አንድ ዓመት የሠራው ከባልደረባው ጋር ነበር። ባልደረባው ወታደር ቤት ረግጦ ባያውቅም፣ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ “ሻምበል” ነበር የሚለው። ሻምበል በግራ፣ እሱ በቀኝ ይንበረከካሉ፤ ቫልቩን በምስማር ጫፍ ተጭነው ንፋሱን እያስወጡ በመኪናው ሥር ይጯጯሃሉ። የሻምበል የጥርስ ሕመም፣ የአለቃቸው ጫማ፣ ያልተነሣ ወሬ የለም። ከዚያ ሻምበል ጡረታ ወጣና ሩቅ ከተማ ልጁ ዘንድ ሄደ። በቦታው ሰው አልተተካም።

ብቻውን በወረደ በሦስተኛው ማክሰኞ፣ አራቱን ጎማ በምስማር ሲታገል ውሃው ሞልቶ መንገዱን ዘጋበት። ባዶ እጁን ተመለሰ። በማግሥቱ መለዋወጫ ሱቅ ገባ።

ሻጯ ሁለት ዓይነት የጎማ ማስተንፈሻ የመስታወት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችለት።

“ይሄኛው የንፋስ መለኪያ ጌጅ አለው፣ ጋሼ። ቫልቩ ላይ ያስሩትና ቁጥሩን እያዩ ይቀንሳሉ። አንድ በአንድ ነው፤ ቢሆንም ከምስማር በጣም ይፈጥናል። እነዚህ አራቱ ደግሞ ራሳቸው ያውቁበታል፤ የንፋሱን መጠን አሥራ ስምንት ላይ ካስተካከሏቸው፣ አሥራ ስምንት ሲደርስ ቀጥ ይላሉ። ስንት ሆናችሁ ነው የምትሄዱት?”

“ብቻዬን ነኝ።”

መወሰን አቃተው። ስልኩን አውጥቶ ሻምበል ጋ ደወለ።

“አንተ! አለህ እንዴ?”

“አለሁ። የጎማ ማስተንፈሻ ልገዛ መጥቼ ነው።” ሁለቱንም አስረዳው።

“ምን ያከራክራል? ራሱ የሚያቆመውን ያዝ! ጉልበትህ እንደሆነ አልቋል።” ከበስተኋላው ሕፃን ጮኸ። “መጣሁ፣ መጣሁ! ይቅርታ ወንድሜ፣ የልጅ ልጄ ፈረስ አድርጋኝ ነው። እደውልልሃለሁ።”

ሊለው ያሰበው ነገር ነበር፤ ስልኩ ተዘጋ። አራቱን ገዛ።

ማክሰኞ አሸዋው ጫፍ ላይ ቆሞ አራቱንም ቫልቮቹ ላይ አሰራቸው። ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም። ከዚያ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከአራቱም ማዕዘን ንፋሱ ይተነፍሳል፤ ለእጁ ግን ሥራ የለውም። መኪናውን አንድ ጊዜ ዞረ። ንጹሑን መስታወት ወለወለ።

“አለቃችን ደግሞ አዲስ ጫማ ገዛ” አለ ጮክ ብሎ፣ ወደ ግራዎቹ ጎማዎች።

ከማስተንፈሻዎቹ አንዱ ቆመ። ሁለተኛው ተከተለ። አራተኛው ጸጥ ሲል ሰዓቱን አየ፤ ስምንት ደቂቃ። ስምንት ደቂቃ ይህን ያህል እንደሚረዝም አያውቅም ነበር። መኪናው አሸዋውን ያለ አንዳች ችግር አለፈው፤ ምልክቱንም አነበበ።

በማግሥቱ ዕቃውን ይዞ ሱቁ ተመለሰ።

“ምነው ጋሼ፣ ተበላሸ?”

“ኧረ ደህና አድርጎ ይሠራል።”

“ታዲያ?”

“ሁሉንም ራሱ ይጨርሰዋል” አላት።

ሻጯ ትንሽ አየችው። ባለ ጌጁን አውጥታ ለወጠችለት።

በሚቀጥለው ማክሰኞ አሮጌ ትራስ ከጉልበቱ ሥር አንጥፎ ከጎማ ጎማ እየዞረ ሠራ። ሠላሳ፣ ሃያ አምስት፣ ሃያ። ዓይኑ የጌጁ ቀስት ላይ፣ ጣቱ የንፋስ ማስወጫው ቁልፍ ላይ። ጉልበቱ አመመው፤ ውሃው ግን አልቀደመውም።

እሑድ ሻምበል ደወለ።

“እሺ፣ ራሱ የሚያቆመው እንዴት ነው?”

“ጥሩ ነው። ዕድሜ ላንተ።”

“አላልኩህም! እሱ እስኪያስተነፍስ ምን ትሠራለህ ታዲያ?”

ሰውዬው ጉልበቱን አሸት አደረገ።

“ባሕሩን አያለሁ” አለው።