ሰርግ ያለ ከበሮ

ማዕዛ ያን ቀን ያልተቆጣችው ሰው አልነበረም። ገና በማለዳው የጀመረችው በንስሐ አባቷ በአባ ገብረመስቀል ነው። ከቂርቆስ ቅዳሴ መልስ ጎራ ብለው፣ «ልጄ፣ ይህን ጥቁር አውልቂው። የሰጠም እሱ፣ የነሳም እሱ ነው፤ ልቀቂው» አሏት። ልቀቂው አሉ። ለመናገርማ ማን ይቸገራል።

«አባ፣ እርስዎ ሰባት ወልደው ሰባቱም በደጅዎ ይርመሰመሳሉ» አለቻቸው። ካህኑ መስቀላቸውን አሳልመዋት ወጡ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ልጇ ተስፋለም ወደ ጦርነቱ ሲዘምት፣ የጎረቤታቸውን የአቶ ደጉን ልጅ ጽጌሬዳን ሊያገባ ቃል ተገባብተው ነበር። ሬሳው እንኳ አልመጣም፤ መርዶው ብቻ መጣ። ማዕዛና ጽጌሬዳ ሁለቱም ጥቁር ለበሱ። ዓመቱ ሲሞላ ልጅቷ አወለቀች፤ ማዕዛ ግን ይኸው እስከዛሬ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ የማዕዛማ አልገድ ብሎ ሰፈሩን አጥለቀለቀው። ጽጌሬዳ እሑድ እሑድ እየመጣች እግሯ ስር ቁጭ ትላለች፣ ማዕዛም ታስለቅሳታለች። አሁን ታዲያ ልጅቷን ሌላ ሰው አጭቷት፣ ዛሬ ሰርጓ ነው።

በሰፈሩ ወግ፣ አጠገብ ሐዘንተኛ እያለ ከበሮ አይመታም፤ ሐዘንተኛው ራሱ ካልፈቀደ በቀር። የልጅቷ አባት ደጉ ሽማግሌዎች ይዞ መጥቶ፣ «እትዬ ማዕዛ፣ እርስዎ ካልፈቀዱልን ልጅቷን በዝምታ ነው የምንሸኛት» ብሏት ነበር። ፊቷን አዙራ፣ «እኔ ምን አገባኝ፣ እንደፈለጋችሁ» አለችው። ይህ ፈቃድ እንዳልሆነ እሷም ታውቃለች፣ ደጉም ያውቃል።

ቀትር ላይ ሙሽራው መጣ። ማዕዛ በሯን ዘግታ በጭቃው ግድግዳ በኩል ታዳምጣለች። የሳህን ኳኳታ አለ፣ ሳል አለ፣ ዘፈን የለም። ሚዜዎቹ እንኳ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው ድምፃቸውን አጥፍተው ገቡ። እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ ደስ አላት። ልጄን አልረሱትም አለች በልቧ።

ከዚያ አንዲት ከክፍለ ሀገር የመጣች እንግዳ ግድግዳው ሥር ሆና፣ «ምነው፣ ሰው ሞቷል እንዴ?» ስትል ሰማች።

«ኧረ ቀስ በይ፣ ጎረቤታችን እትዬ ማዕዛ ሐዘንተኛ ናቸው።»

«ታዲያ ሙሽራዋ ምን አጠፋች?»

የማዕዛ ቆሽት አረረ። ማን ስለሆነች ነው በሰው ቁስል የምትገባው? ልጇ ማን እንደነበር ልትነግራት ተነሣች። እስቲ የልጄን ሳቅ ላስታውስ ብላ ዓይኗን ጨፈነች። የመጣላት የራሷ ሙሾ ነው። ደግማ ሞከረች፤ አሁንም ሙሾዋ። የተስፋለም ሳቅ ከነጭራሹ ጠፍቷታል። ይህን ሁሉ ዘመን የያዘችው ልጇን መስሏት ነበር፤ ለካ ለቅሶዋን ነው። መንደሩን ጸጥ የሚያሰኝላትን፣ የሰው ልጅ እግሯ ሥር የሚያስቀምጥላትን ለቅሶ። በራሷ በገነች፤ በአባ ገብረመስቀልም በገነች፣ እውነታቸውን ስለነበር።

ጥቁሯን እንደለበሰች ወጥታ ወደ ደጉ ግቢ ገባች። ሰው ሁሉ ከመቀመጫው ተነሣ።

«ከበሮው የታለ?» አለች።

ደጉ ግራ ገብቶት ከጓዳ አመጣላት። አንገቷ ላይ አጥልቃ መታችው። ድምጿ ሻክሯል፣ ዜማውም ይጠፋባታል፤ ልጃገረዶቹም እያጨበጨቡ ተቀበሏት። ልቧ ቀለል አላለም። እንዲያውም በመታች ቁጥር ውስጧ አንድ ነገር ይቀደዳል፤ ቢሆንም አላቆመችም።

ጽጌሬዳ በቬሎዋ ወጥታ የማዕዛ ጉልበት ላይ ተደፋች። «እማዬ፣ እኔ እኮ እርስዎን አልተውዎትም» አለች እያለቀሰች።

«ተዪኝ» አለች ማዕዛ፣ በአንድ እጇ ከመሬት እያነሣቻት። «ባልሽ ቆሟል። ሂጂ።»