አንቱ የተባለ ማሽን

«ክፈተው» አሉ አቶ ተወልደ።

ኢምራን ከባንኮኒው ጀርባ ሆኖ ፈገግ አለ። «ፋዘር፣ ምኑን ልክፈትልዎት? እየሠራ ነው እኮ። ይኸው መብራቱን ይዩት።»

መብራቱ እውነትም የሚታይ ነበር። ጎኑ መስታወት በሆነው ጥቁር የኮምፒውተር ሣጥን ውስጥ ሦስት ማራገቢያዎች ቀይ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ እየረጩ ይሽከረከራሉ፤ የሰርግ ድንኳን መግቢያ ይመስላል። አቶ ተወልደ ግን ከዚያ ሁሉ ነገር የሚያዩት ብርሃኑን ብቻ ነው። ስኳሩ ዓይናቸው ላይ ከወጣ ወዲህ ቅርብ ያለ ነገር እንኳን በጭጋግ ውስጥ ነው የሚታያቸው።

«መብራትማ መንገድ ላይም አለ። ኮፈኑን ክፈተው ነው የምልህ። ኮፈኑ ሳይከፈት መኪና የገዛ ሰው ታውቃለህ?»

ልጃቸው ሉዋም ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ሃያ ሁለት በሚባለው ሰፈር ባለ ቢሮ ውስጥ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ሰክታ የታክሲ ደንበኞችን ስሞታ ስትቀበል ነው ያደረችው። ሾፌሩ የጠፋበት፣ ስልኩን መኪና ውስጥ የረሳ፣ ሒሳቡ የበዛበት፣ ሁሉም «እህቴ» ብሎ ይጀምርና ስድብ ላይ ያበቃል። እሷ የምትመልሰው «ስለተፈጠረው ሁኔታ ይቅርታ እንጠይቃለን ደንበኛችን» ብቻ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ከዚህ ውስጥ አምስቱን ባላጠፋችው ጥፋት ይቅርታ ስትጠይቅ አሳልፋዋለች።

ከሥራ እንደወጣች ሳትተኛ በቀጥታ ነበር ወደ ቦሌ መድኃኔዓለም የመጣችው። አባቷ ከሳሊተ ምሕረት ተነሥተው፣ ሁለት ታክሲ ቀይረው፣ ሱቁ ከመከፈቱ ከአንድ ሰዓት በፊት ሕንፃው ሥር ቆመው አገኘቻቸው። አትምጣ ብላቸው ነበር። «ሴት ብቻዋን ስትገዛ ዋጋ ይጨምራሉ» ብለው መጡ። መንጃ ፈቃዳቸው በዓይን ምርመራ ምክንያት ሳይታደስ ከቀረ በኋላ፣ ሲነዱት የኖሩት ተሳቢ መኪናም ከተሸጠ በኋላ፣ አቶ ተወልደ የትም ኑ ቢባሉ የሚመጡ፣ ሳይባሉም የሚመጡ ሰው ሆነዋል። ሊፍቱ ላይ «ጥገና ላይ ነው» የሚል ወረቀት ስለተለጠፈ ሦስቱን ፎቅ ክንዷን ይዘው ወጡ።

ለእሳቸው የነገረቻቸው የሥራ ኮምፒውተር እንደምትገዛ ነው። እሳቸውም ለዕድርተኛው ሁሉ «ልጄ ለሥራዋ ኮምፒውተር ልትገዛ ነው» ብለው አውርተዋል።

ዘጠና አምስት ሺህ ብር አላት። ለመሙላት ሃያ ሁለት ወር ፈጅቷል። ስትጀምር ሰባ ሺህ ይበቃ ነበር፤ ሰባ ሲሞላ ዋጋው ሰማንያ አምስት ገባ፤ ሰማንያ አምስት ሲሞላ ዘጠና አለፈ። ከዚህ በላይ ዋጋ ማሳደድ አልቻለችም። ዛሬ እንዲያልቅ ነው የምትፈልገው። ዛሬ ከተሳሳተች ደግሞ ሌላ ሃያ ሁለት ወር የሚጠብቅ ጉልበት እንደሌላት ታውቃለች።

«ስንት ነው ያልከው?» አሉ አቶ ተወልደ።

«መቶ አምስት። ለእሷ ግን ዘጠና አምስት አደርገዋለሁ።»

«ዘጠና አምስት እንዳላት በምን አወቅህ?»

«እሷ ናታ የነገረችኝ።»

አቶ ተወልደ ወደ ልጃቸው ዞረው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሉዋም ጫማዋን አየች። ባለፈው ሳምንት ስትመጣ «በጀትሽ ስንት ነው?» ብሎ በትሕትና ሲጠይቃት በትሕትና መልሳለት ነበር። የስልክ ሥራ ያስለመዳት ነገር ነው፤ የተጠየቀችውን ትመልሳለች።

«ፋዘር ይመኑኝ» አለ ኢምራን። «ፕሮሰሰሩ ኮር አይ ሰቨን ነው። ካርዱም ውስጡ ነው፣ ሁሉ ነገር የተሟላ። አንቱ የተባለ ማሽን ነው።»

ሉዋም ስልኳን አወጣች። የሚገዛውን ዕቃ ዝርዝር የጻፈችላት ፈቲያ ናት፤ ቢሮ ውስጥ ከጎኗ የምትቀመጥ፣ የራሷን ኮምፒውተር አንድ በአንድ ገዝታ በእጇ የገጠመች ልጅ። ድምፁ እንዲሰማ አድርጋ ደወለችላት።

«ፈቲያ፣ ኮር አይ ሰቨን ነው ይላል። የተገጠመ ነው፣ እኔ ባለኝ ብር።»

«ስንተኛ ጀነሬሽን ነው? ጠይቂው» አለች ፈቲያ፣ ከእንቅልፍ በነቃ ድምፅ።

ኢምራን ጉሮሮውን ጠራረገ። «አራተኛ» አለ፣ ቀስ ብሎ።

«አራተኛ ትውልድ? ሉዋምዬ፣ እሱማ አንቱ የሚባለው በዕድሜው ነው! ከወጣ አሥራ ምናምን ዓመቱ ነው እኮ። ታክሲ ውስጥ ብታገኚው ወንበር የምትለቂለት ነው።»

አቶ ተወልደ ሳቅ አመለጣቸው። «እኔንም አንቱ የሚሉኝ ለካ ለዚህ ነው» አሉ።

ፈቲያ ግን አልጨረሰችም። «ደግሞ ያን የከባድ መኪና ጌምሽን በሱ ልትጫወቺ? አንድ ዳገት አያወጣሽም። ተይው፣ ዝርዝሩ ላይ ያለውን ግዢ።»

ሉዋም ስልኩን ዘጋች። ዘግይታ ነበር።

«የምን ጌም?» አሉ አቶ ተወልደ።

ሉዋም ስልኳን ኪሷ ውስጥ ከተተች። ኢምራን የሚሠራው ነገር ፈልጎ አንድ ገመድ መጠቅለል ጀመረ። አቶ ተወልደ ወደ ሣጥኑ ዞሩ።

«ክፈተው ብዬሃለሁ።»

አሁን የተናገሩበት ድምፅ ሌላ ነበር። ኢምራን ማሽኑን አጥፍቶ መስታወቱን ፈታ። አቶ ተወልደ እጅጌያቸውን ሰብስበው እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱ። ዓይናቸው ጣሪያውን እያየ ጣታቸው ብቻ ይሄዳል። ትልቁ ካርድ፣ ምስሉን የሚያወጣው ክፍል፣ ላይ ሲደርሱ አውራ ጣታቸውን በእያንዳንዱ ብሎን ላይ አሳለፉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው አሸተቱት።

«ይሄ ታጥቧል» አሉ።

«ጸድቷል ፋዘር። ለደንበኛ ንጹሕ ዕቃ ነው የምናቀርበው።»

«ሌላው ሁሉ አቧራ አለው። ይሄ ብቻ ነው የታጠበ፣ አልኮል አልኮል ይላል። ብሎኖቹም ተፈተው ታስረዋል፤ አናታቸው ተበልቷል። ልጄ፣ ሊሸጥ ሲል ሞተሩን የሚያጥብ ሰው የሚደብቀው የዘይት ፍሳሽ አለው። ማነው የሸጠልህ? ምን ሲሠራበት ነበር?»

ኢምራን ገመዱን አስቀመጠ። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ሻጭ ነበር። «እውነቱን ልንገርዎት አባት፣ ኢንተርኔት ላይ ዲጂታል ሳንቲም፣ ክሪፕቶ የሚሉትን፣ በሚያወጡበት ቤት የነበረ ካርድ ነው። ሌት ተቀን ሳይጠፋ ሠርቷል። አሥራ ሁለቱን በጅምላ ገዛሁ። እኔ የታጠበ ይሁን ያልታጠበ አልጠየቅኩም።»

«አልጠየቅክም፣ ስለዚህ አልዋሸህም። ጎበዝ ነህ።»

ሉዋም ባዶ ካርቶን ላይ ተቀመጠች። «እወስደዋለሁ» አለች።

«ምን?» አሉ አባቷ።

«እወስደዋለሁ አባዬ። ቢያንስ ዛሬ ይሠራል። ደክሞኛል። ሌላ ሱቅ፣ ሌላ ዋጋ፣ ሌላ ክርክር አልችልም።»

አቶ ተወልደ አልተከራከሩም። «ነይ ወደ ውጭ» ብለው ክንዷን ያዙ፤ ለመምራት ይሁን ለመመራት እንጃ። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ባለው መስኮት አጠገብ ቆሙ። ከታች የመኪና ጡሩምባ ይሰማል።

«ለምን ዋሸሽኝ?»

«በዚህ ዕድሜዬ ጌም ብልህ ምን ትለኝ ነበር?»

«ዕብድ ናት እል ነበር።»

«ለዚያ ነው።»

አቶ ተወልደ ወደ እሷ ዞሩ። «ከባድ መኪና ነው ያለችው ልጅቷ?»

«ተሳቢ ነው። ጭነት ትጭናለህ፣ ረጅም መንገድ ትነዳለህ፣ ታደርሳለህ።»

«ይከፍሉሻል?»

«አይ። እኔ ነኝ የምከፍለው።»

«እኔ ሠላሳ ዓመት ጅቡቲ መንገድ ላይ ወገቤን የሰበርኩበትን ነገር፣ አንቺ ገንዘብ ከፍለሽ ልትሠሪው ነው?»

ሉዋም ሳቅ መጣባት፤ ከሳቁ ጋር ግን ዓይኗ ሞላ። እንቅልፍ ያጣ ሰው እንደዚህ ነው፣ የቱ እንደሚቀድም አያውቅም። «እዚያ ውስጥ ማንም አይደውልልኝም አባዬ። ማንም እህቴ አይለኝም። መንገዱ አለ፣ ዝም ብለህ መንዳት ነው። አንድ ጓደኛዬ ቤት አንድ ቀን ሞከርኩት፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ አንድም ሰው ይቅርታ አልጠየቅኩም።»

ከዚያ ለማለት ያላሰበችውን ጨመረች።

«ቃልአብን እስከ አዋሽ ወስደኸው ነበር። ትዝ ይልሃል? እኔ ልብሴን ለብሼ፣ ጫማዬን አድርጌ በር ላይ ስጠብቅ የሴት ልጅ ቦታ አይደለም ብለህ ወንድሜን ብቻ ይዘህ ሄድክ።»

«መቼ?»

አያስታውሱትም። ፊታቸው ላይ ፈለገችው፤ እውነትም የለም። እሷ ሃያ ሁለት ዓመት የያዘችውን ነገር እሳቸው አንድ ቀን እንኳን አልያዙትም። ተናደደች፤ ከዚያ ለመናደድም ደከማት።

«ዘጠኝ ዓመቴ ነበር» አለች።

አቶ ተወልደ መስኮቱን ያዙ። «ቦታሽም አልነበረም ጓለይ፣ ልጄ» አሉ። «ያን ጊዜ የነበረው መንገድ ላንቺ ቀርቶ ለኔም ቦታ አልነበረም።» ቀጥሎ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እዚያ ውስጥስ? ሴት ይፈቅዳሉ?» ብለው ጠየቁ።

«ይፈቅዳሉ።»

«እንግዲያው በታጠበ ሞተር አትሄጂም» አሉና ወደ ሱቁ መለሷት።

ከዚያ በኋላ የሆነው ንጹሕ ድርድር ነው። ሉዋም የፈቲያን ዝርዝር አነበበች፤ አዲስ ፕሮሰሰር፣ ቦርድ፣ ራም፣ ሣጥን። ያ ፕሮሰሰር ካርድ ባይኖርም በራሱ ምስል ያወጣል ብላ ጽፋለች ፈቲያ፤ ይደበዝዛል እንጂ ይሠራል። አቶ ተወልደ በእያንዳንዱ ዋጋ ላይ «ደህና ዋል» ብለው ይወጣሉ። አንድ ጊዜ አቅጣጫ ስተው ጎረቤት ያለው የስልክ ሽፋን ሱቅ ገብተው እዚያም መከራከር ጀምረው ነበር፤ ኢምራን ነው እየሳቀ የመለሳቸው። በመጨረሻ ሁሉም በሰባ ሁለት ሺህ ተስማሙ። ያልታጠበ፣ ከነማሸጊያው ያለ ካርድ ግን አርባ ሺህ ነው። ሉዋም የቀራት ሃያ ሦስት ሺህ ብቻ ነው።

«እሱን ያዢው» አለ ኢምራን፣ ዕቃውን እያሸገ። «ከአምስትና ስድስት ወር በኋላ ሞልተሽበት ነይ። ካርዱ ሲገባ ያኔ ነው ምስሉን የምታዪው። ዛፉ ቅጠል ይኖረዋል።»

«ምርቃቱስ?» አሉ አቶ ተወልደ።

«ማውስ መርቄያታለሁ አባት።»

«ማውስ ምርቃት ነው?» እያሉ በእጃቸው መደርደሪያውን ሲዳብሱ ከታችኛው ረድፍ አንድ ክብ ነገር አገኙ። እጃቸው ቆመ። ሁለተኛውንም እጃቸውን አመጡ። ጥቁር መሪ ነበር፣ ከእነ ፔዳሉ፣ ጠርዙ በብዙ እጅ የለሰለሰ። አቶ ተወልደ ጎንበስ እንዳሉ ወደ ግራ አዞሩት፤ ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ቀኝ መለሱት። ትከሻቸው አብሮ ሄደ። ቀኝ እግራቸው ወለሉ ላይ፣ ምንም በሌለበት ቦታ፣ አንድ ነገር ረገጠ።

«እሱ የመኪና ጌም መሪ ነው» አለ ኢምራን። «ያገለገለ ነው። ይሄንን ግን ጠይቄያለሁ፤ የአንድ ተማሪ ነበር። ሃያ ሁለት ሺህ።»

«ይከብዳል» አሉ አቶ ተወልደ። ስድብ አልነበረም። «ፍሬቻው የት ነው?»

«በግራ ነው አባት።»

አገኙት። አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች አደረጉት። ከዚያ ሰው እንዳያቸው የተገነዘቡ ይመስል ቀጥ አሉና እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉ። «ጥሩ ነው» አሉ። «በይ ነይ እንሂድ። ብሩን ለካርዱ አስቀምጪው።»

ሉዋም አልተንቀሳቀሰችም። መሪውን አየችው። አባቷንም አየቻቸው፤ የተሸከሙትን ካርቶን ደረታቸው ላይ አቅፈው፣ በሩን ስተው ወደ መስኮቱ ብርሃን ዞረው ቆመዋል።

«ኢምራን፣ መሪውን ጠቅልልልኝ» አለች።

«ካርዱስ? እንዲህ ከሆነ እኮ ዓመት ሊፈጅብሽ ነው።»

«ይፍጅ።»

አቶ ተወልደ ዞሩ። «ምስሉ ይደበዝዛል ብላሻለች እኮ ልጅቷ።»

«ሰምቻለሁ አባዬ» አለች ሉዋም፣ ስልኳን ከፍታ ክፍያውን እየላከች። «ይደብዝዝ።»