የቆዳ መጋዘኑ ጀልባ

መጋዘኑ ከመወረሱ በፊት አንድ የሰንጋ ተራ ነጋዴ ቆዳ ያከማችበት ነበር። ቀበሌው እስር ቤት ካደረገው በኋላም የጨውና የስብ ሽታው ከግድግዳው አልለቀቀም። ሴቶቹ የታጎሩበት ክፍል ረጅምና ጠባብ ስለሆነ ጎን ለጎን መቀመጥ አይቻልም። አንዷ በሌላዋ ጉልበቶች መካከል ትገባለች፤ ሁሉም ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ይደረደራሉ። የፊተኛዋ በቆርቆሮው በር ቀዳዳ ግቢውን ታያለች። ስንቅ ያመጣ ሰው ሲመጣ ለኋለኞቹ መናገር የእሷ ሥራ ነው። ከክፍሉ የተወሰደች ሴት ምሳ ዕቃ ሳይከፈት ለቤተሰቧ ከተመለሰ ግን የፊተኛዋ ምንም አትናገርም፤ ሴትዮዋ እንደተገደለች ሁሉም ከዝምታዋ ይረዳሉ።

ያን ሰሞን ፊት የተቀመጠችው አያንቱ ነበረች፤ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ። ወረቀት በትነሻል ተብላ ተይዛ፣ ከምርመራ በሸክም ስትመለስ ውስጥ እግሯ ተልጦ ነበር። እናቷን እንድታይ ብለው ሴቶቹ የቀዳዳውን ቦታ ለቀቁላት። እሷ ግን አታይም፣ አታወራም፣ አትበላም። ጌጃ ሰፈር ጠላ የሚሸጡት ጠጅቱ ቁስሏን በጨው ውሃ እያጠቡ፣

«ይቺ ልጅ እህል እንቢ ካለች አትሰነብትም» አሉ። ወዲያው ከኋላዋ ወደተቀመጠችው ሴት ዞሩ። «አንቺ የተማርሽው፣ እስቲ አንድ ነገር በያት።»

ወይንሀረግ የወባ መከላከያ ላቦራቶሪ ሠራተኛ ናት። ቢሮዋ ውስጥ የተገኘ ወረቀት የማን እንደሆነ አላውቅም በማለቷ ታስራለች። ሰው ማጽናናት አይሆንላትም። የአያንቱን ትከሻ፣ ከዚያም ወደፊት የተዘረጉትን እግሮች አየችና ከብዙ ዓመት በፊት የተቀመጠችባት ጀልባ ትዝ አለቻት።

«ጀልባዋ እንዲህ ጠባብ ነበረች» አለች በልጅቷ ጆሮ። «ታይላንድ ለሥልጠና ተልኬ ነው። አዩትያ የምትባል ጥንታዊ ከተማ አለች፤ ዙሪያዋን ቦይ ነው። ባለጀልባው ሶምቻይ ይባላል። ከኋላ ቆሞ ይቀዝፋል እንጂ አይናገርም። እኔ ደግሞ በረጅም ጭልፋ ውሃ እየጨለፍኩ የትንኝ እጭ እፈልጋለሁ። ውሃው የሻይ መልክ አለው። ድምፅ የለውም። ድሮ የነገሥታት መናገሻ ነበረች፤ ጠላት አቃጠላት። አሁን የጡብ ማማዎች ብቻ ቆመዋል፤ የዛፍ ሥር አቅፎ ይዟቸዋል።»

ከፊት የአያንቱ ደረቅ ድምፅ ተሰማ።

«ሰዎቹስ?»

ወይንሀረግ ወደ ጆሮዋ ተጠጋች። «የተረፉት ውሃው ዳር በእንጨት ላይ ቤት ሠርተው ኖሩ። ሴቶቹ ዛሬም ምግብ በጀልባ እየቀዘፉ ይሸጣሉ። ይኸው አንዷ ቀረበችን። እጅሽን ዘርጊ።» አንድ ቁራሽ ዳቦ አስያዘቻት።

አያንቱ ጎረሰች።

«እኔ ዋና አልችልም» አሉ ጠጅቱ ከኋላ። «ብሰምጥ ልጆቼ አንቺን ነው የሚጠይቁት!»

ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሳቁ።

ከዚያ ወዲህ የልደታ ቅዳሴ ባበቃ ቁጥር ጀልባዋ ትነሳለች። «እትዬ፣ ትናንት የት ደረስን?» ትላለች አያንቱ፤ ወይንሀረግም ካቆመችበት ትቀጥላለች። ጀልባዋ በቦዩ ላይ ከተሠራ ዝቅተኛ ድልድይ ስር ስታልፍ ሁሉም ጭንቅላታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ያጎነብሳሉ። በእያንዳንዱ ቅዘፋ አያንቱ ቁራሽ ዳቦ ትጎርሳለች። አያንቱ የቀዳዳውን ሥራም ጀመረች። «እማማ ጠጅቱ፣ ትልቋ ልጅዎ መጥታለች፤ ቀሚሷን ገልብጣ ነው የለበሰችው» ስትል ክፍሉ በሳቅ ሞላ።

በር ላይ የቆመው ገረሱ ሳቁንም የጀልባዋን ወሬም ሰማ። የጠጅቱ ሰፈር ልጅ ነው፤ አሁን አብዮት ጠባቂ ሆኖ ጠመንጃ ይዟል። ወይንሀረግን ጠርቶ አወጣትና የዘበኛው ክፍል አስገባት።

«ሶምቻይ ማነው?»

«ባለጀልባ ነው።»

«የሕቡዕ ስሙን አልጠየቅኩሽም።»

«ስሙ ነው፤ የታይላንድ ሰው ነው።»

«በቆዳ መጋዘን ውስጥ የታይላንድ ሰው!» ብሎ ጠረጴዛውን መታው። «ድልድዩ የትኛው ነው? ያቺስ ልጅ በየቀኑ የት ደረስን የምትልሽ ምን ልትቀበል ነው? ባለጀልባውን ስጪኝ፤ አለዚያ እሷን አወጣታለሁ።»

ወይንሀረግ ስም ልትሰጠው አሰበች። ወደ አእምሮዋ የመጣው ስም ሁሉ ግን ሚስትና ልጅ ያለው፣ አሁን ምሳውን እየበላ ያለ ሰው ነበር።

«ጀልባ የለም» አለች። «ታይላንድ ሄጄ አላውቅም። ልጅቷ እንድትበላ የፈጠርኩት ተረት ነው።»

ገረሱ ፊቷን አጠና። «እነሱ ፊት ትደግሚዋለሽ።»

በሩን ከፍቶ ከደፉ ላይ አቆማት። ወይንሀረግ ወለሉን እያየች ደገመችው። ከተማዋም፣ ቦዩም፣ ጀልባዋም የሉም።

«ገሬ» አሉ ጠጅቱ፣ «በጨርቅ ኳስ ስትጫወት መስኮቴን የሰበርከው ልጅ አይደለህም? ይኸው አሁን ደግሞ ጀልባችንን ሰበርክ።»

«እትዬ ጠጅቱ፣ ዝም ይበሉ።»

ገረሱ አስገብቷት በሩን ዘጋ፤ ጥላው ግን ከቀዳዳው አልተነሳም። አያንቱ ወደኋላ ሳትዞር ጠየቀች።

«ሶምቻይም የለም?»

ወይንሀረግ ጥላውን አየች። «ሶምቻይም» አለች።

አያንቱ ዳቦውን ከጭኗ ላይ አንስታ ለወይንሀረግ መለሰች። የዚያን ቀን አልበላችም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ገረሱ መጣ። «አያንቱ ነገሪ! ዕቃሽን ይዘሽ ውጪ።»

ወይንሀረግ ብድግ ብላ፣ «ነገርኩህ እኮ! የጠየቅከኝን ተናገርኩ!» ብላ ጮኸች። እሱ አላያትም። ትእዛዙን ከላይ የተቀበለ ሰው ፊት ነበረው።

አያንቱ መቆም ስለማትችል ሁለት አብዮት ጠባቂዎች በብብቷ ያዟት። ወይንሀረግ ሹራቧን ስታለብሳት ጆሮዋ ጋ ጎንበስ አለች።

«እውነት ነው። ሁሉም እውነት ነው።»

በሩ ዝቅተኛ ነው። አያንቱ እዚያ ስትደርስ ጭንቅላቷን በሁለት እጇ ያዘችና እንደ ድልድዩ ጊዜ አጎነበሰች። ከዚያ ወጣች።

ያን ቀን ባዶውን ቦታ ማንም አልነካውም። በነጋታው ስንቅ ሲደርስ ጠጅቱ፣ «ወይንሀረግ ልጄ፣ ወደፊት ሳቢ፤ የሚያይልን ያስፈልጋል» አሉ።

ወይንሀረግ ወደፊት ተሳበች። ዓይኗን ቀዳዳው ላይ አደረገች። የአያንቱ እናት ነጠላቸውን አደግድገው ቆመዋል። ገረሱ ምሳ ዕቃውን ተቀበላቸው፤ ሳይከፍተው መልሶ ሰጣቸው። እናትየዋ ያልገባቸው መስለው እንደገና ዘረጉለት። እንደገና መለሰላቸው።

ከኋላዋ ሴቶቹ ወደፊት ተጠጉ።

«ምን ይታይሻል?» አሉ ጠጅቱ።

ዝም ማለት ነበረባት፤ ደንቡ እንዲያ ነው። አያንቱ ዘወትር ትደገፍበት የነበረው ደረቷ ላይ ነፋስ ገባ።

«ውሃ» አለች ወይንሀረግ። «ጸጥ ያለ ውሃ ነው።»

ጠጅቱ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። ሌሎቹም ጭንቅላታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው አንድ በአንድ አጎነበሱ።