የሙዘይን ጎረቤቶች

አክስቴ ዑምኩልሱም አዲስ አበባ ልትሄድ ነው ሲባል ሐይቅ ከተማ ውስጥ ያልመከራት ሰው የለም። ሐይቅ ከተማ ስል የኔን ስፌት ቤት ማለቴ ነው። ቀሚስ ሊያስጠብብ የመጣው፣ ዚፕ ሊያስቀይር የመጣው፣ ፀሐይ ሸሽቶ ገባ ያለው ሳይቀር ስለ አዲስ አበባ የሚለው አያጣም። ግማሾቹ እኮ ከደሴ አልፈው አያውቁም።

አክስቴ የምትኖረው አርዲቦ ሐይቅ ዳር ነው። እዚያ ኔትወርክ አንድ ቀን ይመጣና ሁለት ቀን ይጠፋል። ስለዚህ በገበያ ቀን እኔ ጋ ትመጣና ከስፌት መኪናዬ አጠገብ በርጩማ ላይ ትቀመጣለች። እኔ ለልጇ ለሙዘይን እደውላለሁ፣ ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን ጨርቅ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ጆሮዬ ላይ ሲሆን አይሰማኝም ትላለች። እውነቱን ለመናገር ግን ሰው እንዲሰማላት ነው። ልጇ አዲስ አበባ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ውስጥ ዕቃ ያዥ መሆኑን ያልሰማ ደንበኛ የለኝም።

ሙዘይን ከሄደ አምስት ዓመቱ ነው። ሁለቴ ለዒድ መጥቶ ተመልሷል። ቤቱን ግን ከኛ ወገን ያየ የለም። እንግዳ ሲሄድበት መናኸሪያ ድረስ መጥቶ ይቀበላል፣ ፔንሲዮን ይይዛል፣ ፓርክ ያሳያል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ከዚያ መልሶ አውቶቡስ ላይ ይሰቅላል። እንግዳ የሚያስተናግድ እንጂ ቤቱ የሚያስገባ ልጅ አልሆነም።

የዚያን ዕለት አዝመራው ተሰብስቦ፣ የአክስቴም መሄጃ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ሙዘይን የጉብኝቱን ፕሮግራም በቴሌግራም ላከልኝና ጮክ ብዬ አነበብኩት።

«አንደኛ ቀን፣ ውሃው በሙዚቃ የሚጨፍርበት ፓርክ። ሁለተኛ ቀን፣ ቤተ መንግሥትና አንበሳ። ሦስተኛ ቀን፣ እንጦጦ፣ ማታ የባህል ምግብ ቤት። አራተኛ ቀን፣ መልስ ጉዞ ወደ ሐይቅ ከተማ።»

«ውሃ?» አለች አክስቴ። «ዓይኔን ስገልጥ ውሃ፣ ስከድን ውሃ። ደጄ ድረስ ሐይቅ ተዘርግቶልኝ ውሃ ልይ ብዬ አውቶቡስ ልሳፈር?»

«ይጨፍራል እኮ ነው የሚልሽ።»

«የኛው አደብ አለው።»

ጋሽ አራጋው ሳቃቸው መጣ። ጋሽ አራጋው ከአምባሰል፣ ከውጫሌ እህል እየጫኑ የሚመጡ ነጋዴ ናቸው፤ ሸቀጣቸው እስኪራገፍ ድረስ እኔ ቤት ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። የነቢያት ጾም ስለገባ ዳቦ እንኳ ወተት ነክቶት እንደሆነ ጠይቀው ነው የሚቆርሱት። አምና ዓይናቸውን ሊታከሙ አዲስ አበባ ሄደው ያስተናገዳቸው ሙዘይን ነበር።

«የባህል ምግብ ቤቱን እኔም አይቼዋለሁ» አሉ። «ከአምባሰል ተነስቼ ያን ሁሉ መንገድ ሄጄ አምባሰል ዘፈኑልኝ። ለአስተናጋጇ እኔም የአምባሰል ሰው ነኝ ብላት፣ 'ውይ፣ ቦታም ነው እንዴ?' አላለችኝም!»

«ቤቱስ፣ አያ አራጋው? የልጄ ቤት ምን ይመስላል?»

ጋሽ አራጋው የሻይ ብርጭቋቸው ውስጥ የወደቀ ነገር ያለ ይመስል አጎንብሰው አዩ። «ቤቱን እንኳን… አልደረስንም። ሰዓት አጠረን። ከአንበሳው ጋር የተነሳሁት ፎቶ ግን አለኝ።»

አክስቴ አንበሳውን ለማየት አልጠየቀችም። ወደኔ ዞራ «ራህማ፣ ጻፊ» አለች። የልብስ ልክ የምይዝበትን ደብተር ገለጥኩ። ከአንዲት ሙሽራ የወገብ ልክ ሥር የአክስቴ ፕሮግራም ተጀመረ።

«ዳቦ የሚገዛበትን ሱቅ አያለሁ። ባለሱቁ ስሙን ያውቀው እንደሆነ እጠይቀዋለሁ። የሚሰግድበትን መስጊድ አያለሁ፣ ጁምዓ ከጎኑ የሚቆመው ማን እንደሆነ። ጠዋት ሲወጣ እንዴት አደርክ የሚለው ማን እንደሆነ። ባለፈው ራሱን ሲያመው ውሃ ያቀበለው…» እዚህ ላይ ድምፅዋ ቀጠነ። «ውሃ ያቀበለው ሰው ካለ እሱን አያለሁ።»

መርፌ ውስጥ ክር የማስገባ መሰልኩ። አዘንኩላት። አምስት ዓመት ሙሉ ስለ ልጇ ስትኩራራ ስቄባታለሁ፤ ለካ ይህን ሁሉ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምትፈልገው፦ ልጄ እዚያ ሰው አለው ወይስ የለውም?

«በይ አሁን ደውዪልኝ» አለች። «ስንት ደጅ እንደሆነ ልጠይቀው፤ ጭኮ ልለውስ ነው።»

የደጁ ነገር እንዲህ ነው። በኛ ዘንድ እናት ልጇ የሰፈረበት አገር ስትሄድ ገብስ ቆልታ፣ አስፈጭታ፣ በቅቤ ለውሳ ጭኮ ትይዛለች። ጭኮው ግን ለልጁ አይደለም፣ ለጎረቤቶቹ ነው። ለአንድ ደጅ አንድ ድርሻ ይወጣል፤ ስትሰፍር የባለደጁን ስም ትጠራለች፣ ስትሰጥ ደግሞ ልጄን አደራ ትላለች። አክስቴ ስም ሳትጠራ ሰፍራ አታውቅም። ለልቅሶ ቤት ንፍሮ ስትልክ እንኳ እያንዳንዱን ሰው በስሙ ነው የምትቆጥር።

ሙዘይን ወዲያው አነሳ።

«ሙዜ፣ ደህና ነህ? ራስህን ተወህ?»

«ተወኝ እማ፣ አልሐምዱሊላህ። ፕሮግራሙ ደረሰሽ?»

«ደረሰኝ፣ አላህ ይስጥህ። ለአያ አራጋው ሰጥተነዋል፣ እሳቸው ይድገሙት። አንተ ጋ ስንት ደጅ ነው?»

«የምን ደጅ?»

«የጎረቤት ነዋ! ጭኮ ልለውስ ነው።»

«እማ፣ እዚህ እኮ ኮንዶሚኒየም ነው።»

«ምነዋ፣ ኮንዶሚኒየም ሰው አይኖርበትም?»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሙዘይን ሳቁን ሲሰማ ይመስለኛል የቸኮለው። «ይኖርበታል እንጂ። አምስት በር ነው።»

«በል ስማቸውን ጥራልኝ።»

«ስም ለምንሽ ነው?»

«አንተዬ፣ እናትህ ስም ሳትጠራ ስትሰፍር መቼ አየሃት?»

እርሳሴን አሾልኩ። ከስልኩ ውስጥ መኪና ሲያልፍ ይሰማል።

«ኑርዬ» አለ።

«በጀ፣ ኑርዬ። ቤተሰብ አለው?»

«ሰባት ልጅ።»

«ማሻአላህ፣ በዚያ ጠባብ ፎቅ! ከኑርዬ ቀጥሎስ?»

«ሐቢብ። ከዚያ… ፈንታሁን።»

ፈንታሁን ብዬ ስጽፍ እጄ ቀስ አለ። ኑርዬ ሰባት ልጅ ያለው፣ በአክስቴ መንደር ከሐይቁ ዳር የመጀመሪያው ቤት ነው። ከሱ ከፍ ብሎ ሐቢብ አለ። ከሐቢብ በላይ ዋርካው ሥር ፈንታሁን። ያን አቀበት ከልጅነቴ ጀምሮ ውሃ ተሸክሜ ስንቴ ወጥቼዋለሁ! ቀና ብዬ አክስቴን አየኋት። ነገሩ ከኔ ቀድሞ ገብቷት ኖሯል። ግን ድምፅዋን እንኳ አልቀየረችም።

«ከፈንታሁን ቀጥሎስ፣ የኔ ዓለም?»

«ሳጂዳ።»

«ከሳጂዳስ?»

«ከሳጂዳ ቀጥሎማ እኛ ነን» አለ ሙዘይን።

ካለ በኋላ ያለውን ራሱ ሰማው። ትንፋሹ ሲቋረጥ እኛም ሰማን። ዚፕ የሚያስቀይረው ሰውዬ ሱሪውን እንደያዘ ቀረ፣ ጋሽ አራጋው ጫማቸውን ያዩ ጀመር። አሁን ልትቆጣው ነው፣ ወይ ልታለቅስ ነው ብዬ ጠበቅኩ።

«ሙዜ» አለች አክስቴ። «ሐቢብ ፎቅ የወጣው መቼ ነው? ዛሬ ጠዋት በሬ ሲያጠጣ ሰላም ብዬው ነው የመጣሁት።»

መጀመሪያ የሳቀው እሱ ነው። እኛም ተከተልን። ከዚያ የሱ ሳቅ መሀል ላይ ተሰበረ።

«ማንንም አላውቅም እማ። እዚህ ቤት ከገባሁ ሁለት ዓመቴ ነው። ጠዋት ስወጣ በሩ ሁሉ ዝግ፣ ማታ ስገባ በሩ ሁሉ ዝግ። ደረጃ ላይ ስንገናኝ ሁላችንም ስልካችንን እናያለን። አንቺ መጥተሽ ይህንን እንዳታይብኝ ነው… ፓርኩ ይሻላል ብዬ ነው።»

«አብሽር» አለች።

አብሽር በኛ አገር ለታመመም፣ ሬሳ ለቀበረም፣ በሬው ገደል ለገባበትም የሚባል ቃል ነው። አይዞህ እንደማለት ነው፤ አክስቴ ስትለው ግን ሥራ ማዘዝም አለበት።

«አብሽር ልጄ። ጭኮውን እለውሳለሁ። አንተ አንድ ስም ብቻ አምጣልኝ፤ የቀረውን መጥቼ አብረን እናንኳኳለን። አንድ ስም ካጣህ ግን ወላሂ አልመጣም፣ ውሃህን ብቻህን አስጨፍረው።»

ስልኩ ተዘጋ። ጥቂት ቆይታ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለችና «ራህማ፣ አልመጣም ማለቴን አምኖኝ ይሆን?» አለችኝ። ወላሂ ብላለችና እሷም ጨንቋታል።

በሚቀጥለው ገበያ ገብሱን ቆልታ፣ አስፈጭታ፣ ቅቤውን አንጥራ ነበር የመጣችው። ሳምንቱን ሙሉ ሙዘይን አልደወለም። እኔ ብደውል አይነሳም። ሁለቴ፣ ሦስቴ ሞከርኩ። አክስቴ የዱቄቱን ከረጢት አፍ እየፈታች መልሳ ታስራለች። ጋሽ አራጋው ሥራ በዝቶበት ነው አሉ፣ ኔትወርክ ነው አሉ፣ በመጨረሻ እሳቸውም የሚሉት አለቀባቸው።

ከቀትር በኋላ ቴሌግራሜ ጮኸ። የድምፅ መልእክት ነው። ጨርቁ ላይ አስቀምጬ ከፈትኩት። ሙዘይን ደረጃ የሮጠ ሰው ይመስል ያለከልካል።

«እማ፣ አንኳኳሁ! ሦስት ቀን እጄን አንስቼ ስመለስ ነው የሰነበትኩት። ከጎኔ ያለችውን ነው። እናቴ ልትመጣ ነው፣ ጭኮ ትይዛለች፣ ስምሽን ትፈልጋለች አልኳት። እብድ ነው የመሰልኳት መሰለኝ። ከዚያ ሳቀች። ሰላማዊት ነው ስሟ። ብቻ አንድ ነገር አለ እማ… ጾም ላይ ነኝ፣ ቅቤ አልበላም፣ እናትህ በኑግ ትለውስልኝ፣ ጨውም አይብዛባት ብላለች።»

አክስቴ ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። በሦስተኛው ግንባሯን በእጇ መታች። «እኔስ እንዴት ረሳሁት! ለፈንታሁን ቤት በየጾሙ ለብቻ እለውስ የለ!»

ጋሽ አራጋው ግን አንዴ የተታለሉ ሰው ናቸው። «ቆይ እስቲ፣ ይቺንም ፈጥሯት እንዳይሆን» አሉ።

«እሷስ የእውነት ናት።»

«በምን አወቅሽ?»

አክስቴ ነጠላዋን እያስተካከለች ተነሳች። «ልጄ የፈጠራት ብትሆን የሰጧትን ትበላ ነበር» አለችና ገበያው ሳይበተን ኑግ ልትገዛ ወጣች።

እኔም ደብተሬን ገልጬ፣ ከኑርዬና ከሐቢብ፣ ከፈንታሁንና ከሳጂዳ ሥር ሰላማዊት ብዬ ጻፍኩ። ከጎኑም እንደማንኛውም ደንበኛ ትእዛዝ፦ በኑግ፣ ጨው ሳይበዛ።